የካሪቢያን ጠይሞቹ፦ የኩባ ሴቶች የመረብ ኳስ ብሔራዊ ቡድን እንዴት ተገነባ፣ እንዴትስ ተበተነ

የተከበራችሁ አድማጮች፣

ዛሬ የምናገረው ስለ ኩባ ሴቶች የመረብ ኳስ ብሔራዊ ቡድን ነው። ከ1991 እስከ 2000 ባለው ጊዜ ውስጥ ኦሊምፒክ፣ የዓለም ሻምፒዮና እና የዓለም ዋንጫ የሚባሉት ሦስቱ ታላላቅ ውድድሮች በድምሩ ስምንት ጊዜ ተካሂደዋል፤ ስምንቱንም ያሸነፈው ይህ አንድ ቡድን ነው። በሦስት ተከታታይ ኦሊምፒኮች የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘ ሌላ የሴቶች የመረብ ኳስ ቡድን እስከ ዛሬ የለም። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

ቡድኑ በዓለም ዘንድ የሚታወቀው «ላስ ሞሬናስ ዴል ካሪቤ» ማለትም «የካሪቢያን ጠይሞቹ» በሚል ስም ነው። ስለ እነሱ ሲወራ ብዙ ጊዜ የምሰማው አስተያየት ግን ያሳዝነኛል። ድላቸው ከተፈጥሮ የተሰጠ፣ ከቁመታቸውና ከዝላያቸው በቀር ሌላ ምክንያት የማያስፈልገው ተደርጎ ይነገራል። እንዲህ ያለው አነጋገር ለአድናቆት የታሰበ ቢመስልም፣ የሠላሳ ዓመት ድካምን ከሰዎቹ እጅ ነጥቆ ለተፈጥሮ የሚሰጥ ነው። እኔ ዛሬ ማስረዳት የምፈልገው ቡድኑ በትዕግሥት የተገነባ ሥራ እንደነበረ፣ ሥራውም ታላላቆቹ ከታናናሾቹ ጋር አብረው እየተጫወቱ ልምዳቸውን በሚያወርሱበት ሰንሰለት ላይ የቆመ እንደነበረ፣ ያ ሰንሰለት ሲበጠስም ቡድኑ እንደወደቀ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከ1959ኙ አብዮት በኋላ ነው። አዲሱ መንግሥት በ1961 ስፖርትን የሚመራ አንድ ብሔራዊ ተቋም አቋቋመ፤ በ1962 ደግሞ ለክፍያ የሚደረግ ፕሮፌሽናል ስፖርትን በአገሪቱ ከለከለ። በየአውራጃው ልጆች መደበኛ ትምህርታቸውን እየተማሩ ስፖርት የሚሠለጥኑባቸው ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። አንዲት ልጅ በአሥር ወይም በአሥራ አንድ ዓመቷ ተመርጣ ወደ እነዚህ ትምህርት ቤቶች ትገባለች፤ ከዚያ ወደ ከፍተኛው የሥልጠና ማዕከል ታልፋለች፤ በመጨረሻም ሃቫና ከሚገኘው ብሔራዊ ቡድን ትደርሳለች። ይህን ሁሉ ስታደርግ ቤተሰቧ የሚከፍለው ገንዘብ የለም። የኋለኛውን ውድቀት ለመረዳት የ1962ቱን ክልከላ ማስታወስ ያስፈልጋልና እባካችሁ በልባችሁ ያዙት።

ይህን አደረጃጀት ወደ ቡድንነት የለወጡት ኤውሄኒዮ ጆርጅ ናቸው። በ1933 የተወለዱት ጆርጅ ራሳቸው ለኩባ የወንዶች ብሔራዊ ቡድን የተጫወቱ ሲሆኑ፣ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሴቶቹን ቡድን ያሠለጥኑ ጀመር። በዚያ ዘመን የሴቶች መረብ ኳስ ሁለት ጌቶች ነበሩት። አንዷ ሶቪየት ኅብረት ስትሆን በረጃጅም ተጫዋቾችና በኃይለኛ ምት ትታወቃለች፤ ሌላዋ ጃፓን በመከላከል፣ በፍጥነትና እጅግ አድካሚ በሆነ ልምምድ ትታወቃለች። የዓለም ሻምፒዮና ለሴቶች ከተጀመረበት ከ1952 እስከ 1974 ድረስ ዋንጫውን የወሰዱት እነዚህ ሁለት አገሮች ብቻ ነበሩ። ጆርጅ ከሁለቱም ተማሩ፤ ሆኖም አንዳቸውንም አልገለበጡም። ከጃፓን የመከላከሉን ሥርዓት ወሰዱ፤ ከአውሮፓ የመረብ ላይ ኃይሉን ወሰዱ፤ በላዩ ላይም ዝላይን የልምምዳቸው ሁሉ ማዕከል አደረጉ። ዝላይ ሲባል እንዲያው መዝለል ብቻ አይደለም። አንዲት ተጫዋች በአንድ ጨዋታ መቶ ጊዜ ያህል ለምት፣ ለብሎክ (የተቃራኒን ምት በመረቡ ላይ በእጅ ለመመለስ) እና ለሰርቭ (ኳሱን ለማስጀመር) ልትዘል ትችላለች፤ ቁም ነገሩ በመጀመሪያው ዙር የዘለለችውን ያህል በአምስተኛውም ዙር መዝለል መቻሏ ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ ፍሬ የታየው በ1978 ነው። ከአንድ ዓመት በፊት በዓለም ዋንጫ ከጃፓን ቀጥሎ ሁለተኛ የወጣው ቡድን በሶቪየት ኅብረት በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና በፍጻሜው ጃፓንን 3 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ፤ አስተናጋጇ ሶቪየት ኅብረት ሦስተኛ ሆነች። ሜርሴዴስ ፖማሬስ፣ ሜርሴዴስ ፔሬስ፣ ኢሚልሲስ ቴዬስ እና አና ኢቢስ ዲያስ የዚያ ትውልድ ስሞች ናቸው። ኋላ የመጡት ዝናቸው እጅግ ስለገነነ እነዚህ ሴቶች ዛሬ እምብዛም አይጠሩም። ይህ ትክክል አይመስለኝም፤ በሁለት ኃያላን ተይዞ የቆየውን በር የከፈቱት እነሱ ናቸውና። 1978 ለእኛም ቢሆን ከኩባ ጋር የተያያዘ ዓመት ነው። የኩባ ወታደሮች ከኢትዮጵያ ሠራዊት ጎን ተሰልፈው በኦጋዴን የተዋጉበት፣ ከዚያም ወዲህ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች በኩባዋ የወጣቶች ደሴት ለትምህርት የገቡበት ዘመን ነው። በዚያ የተማራችሁ ወንድሞችና እኅቶች ካላችሁ፣ በየትምህርት ቤቱ ግቢ የተዘረጋው መረብ በዚያች አገር ምን ያህል ቦታ እንደነበረው ከእኔ በተሻለ ታውቃላችሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው አሥር ዓመት ከቡድኑ ታሪክ ሁሉ ለእኔ ከባዱ ክፍል ነው። በ1980 ሞስኮ ላይ የዓለም ሻምፒዮኖቹ አምስተኛ ሆነው ተመለሱ። በ1984 ኩባ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ወግና ወደ ሎስ አንጀለስ አልሄደችም። በ1988 ደግሞ ሶቪየት ኅብረት ራሷ ሴኡል ስትገኝ፣ ኩባ ከሰሜን ኮሪያ ጋር በመወገን ቀረች። ኢትዮጵያም በሁለቱም አልተገኘችም። በ1988 ሚያዝያ ሮተርዳም ላይ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ የማራቶንን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው በላይነህ ዴንሳሞ በዚያው ዓመት በኦሊምፒክ ማራቶን ሳይሮጥ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የኩባዎቹን ተጫዋቾች ሐዘን ለመረዳት ለእኛ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም። በሴኡል የወርቅ ሜዳሊያውን የወሰደው በኒኮላይ ካርፖል የሚሠለጥነው የሶቪየት ቡድን ነበር፤ ይህን አሠልጣኝ ወደፊት ሁለት ጊዜ እናገኛቸዋለን። ኦሊምፒክ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል፤ ሁለት ጊዜ ሲያመልጥ የአንዲት ስፖርተኛ ምርጥ ዕድሜ አብሮ ያልፋል። ከ1978ቱ ቡድን ብዙዎቹ ያለ ኦሊምፒክ ሜዳሊያ መጫወት ያቆሙት በመሸነፋቸው ብቻ አልነበረም።

ሆኖም በእነዚያው ዓመታት ሥራው አልቆመም። በ1986 በቼኮዝሎቫኪያ የተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ላይ ኩባ ለፍጻሜ ደርሳ በቻይና ተሸነፈች። በዚያ ውድድር ላይ ከወለደች ገና ጥቂት ሳምንታት ያልሞላት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ተሰልፋ ነበር፤ ሚሬያ ሉዊስ ትባላለች። በካማጉዌይ የተወለደችው ሚሬያ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ብሔራዊ ቡድን የገባች ናት። ቁመቷ 1 ሜትር ከ75 ነው፤ ለመረብ ኳስ አጥቂ አጭር የሚባል ቁመት ነው። ነገር ግን ዘልላ ኳስ የምትመታው በ3 ሜትር ከ39 ከፍታ ላይ ነበር። የሴቶች መረብ ከፍታው 2 ሜትር ከ24 ነውና እጇ ከመረቡ በላይ ከአንድ ሜትር በላይ ይወጣ ነበር ማለት ነው፤ የቅርጫት ኳስ ቀለበት እንኳ የሚሰቀለው በ3 ሜትር ከ5 ነው። ድሉ የቁመት ነው ለሚሉ ሰዎች የምመልሰው መልስ የቡድኑ ዋነኛ አጥቂ በዘመኗ ከነበሩት ብዙ አጥቂዎች አጭር እንደነበረች ነው።

በ1989 የዓለም ዋንጫን፣ በ1991 ያንኑ ዋንጫ ደግመው ከወሰዱ በኋላ በ1992 ወደ ባርሴሎና ሄዱ። የሄዱበት ጊዜ ለአገራቸው እጅግ ክፉ ጊዜ ነበር። ሶቪየት ኅብረት ፈርሳለች፤ ኩባ ነዳጇንና አብዛኛውን ንግዷን አጥታለች፤ በየቤቱ ምግብና መብራት ቸግሯል። በዚህ መካከል ነው ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ወደ ኦሊምፒክ የተመለሱት። ኢትዮጵያም የተመለሰችው በዚያው ኦሊምፒክ ነበር፤ ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር ያሸነፈችበት ነው። ኩባዎቹ በግማሽ ፍጻሜው አሜሪካንን 3 ለ 2፣ በፍጻሜው በካርፖል የሚመራውን የቀድሞ ሶቪየት ሪፐብሊኮች የጋራ ቡድን 3 ለ 1 አሸነፉ። ሚሬያና ማጋሊስ ካርባሃል ልምድ ያላቸው ነበሩ፤ ከጎናቸው ደግሞ የሃቫናዋ ሬግላ ቶሬስ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ተሰልፋ ነበር። ይቺ ልጅ በሃያ አምስት ዓመቷ ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ ይዛ ነበር፤ የዓለም አቀፉ የመረብ ኳስ ፌዴሬሽንም የሃያኛው ክፍለ ዘመን ምርጥ ሴት ተጫዋች ብሎ መርጧታል። አሠልጣኟንም የዘመኑ ምርጥ የሴቶች ቡድን አሠልጣኝ ብሏቸዋል።

አጨዋወታቸውን ጥቂት ላብራራ፤ ምክንያቱም የቡድኑ አስተሳሰብ በግልጽ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛዎቹ ቡድኖች ኳስ አመቻችነትን፣ ማለትም ለሚመቱት ኳሱን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥን፣ ለአንዲት ተጫዋች ይሰጣሉ፤ ሌሎቹ አምስቱ ይመታሉ። ይህ አመቻቿ ወደ መረቡ ስትቀርብ ከፊት የሚመቱት ሁለት ብቻ እንዲሆኑ ያደርጋል። ኩባዎቹ ግን ሁለት አመቻቾችን አሰለፉ። አንዷ ከኋላ ስትሆን ወደ ፊት ሮጣ ኳሱን ታመቻቻለች፤ በተራዋ ወደ መረቡ ስትዞር ግን ሥራውን ለሌላዋ ትታ ራሷ አጥቂ ትሆናለች። እንዲህ ሲሆን በመረቡ ላይ ሁልጊዜ ሦስት የሚመቱ ሰዎች ይገኛሉ። ጉዳዩ ቀላል ቢመስልም ሊቀልዱበት የማይቻል ነው፤ ሁለቱ ሴቶች በጣታቸው ኳስ የማስቀመጥ ጥበብና በክንዳቸው የመምታት ኃይል በእኩል ደረጃ ሊኖራቸው ይገባልና። እንዲህ ያለች ተጫዋች የምትገኘው ከልጅነቷ ጀምሮ በሁሉም ቦታ ስትሠለጥን ብቻ ነው። ሊሊያ ኢስኪየርዶና ማርሌኒስ ኮስታ፣ በኋላም ከሁሉ ይልቅ ታይስማሪ አጉዌሮ፣ ከዚህ ትምህርት ቤት የወጡ ናቸው።

በ1994 ኩባ በዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ብራዚልን በገዛ ከተማዋ በሳኦ ፓውሎ 3 ለ 0 አሸነፈች። ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ቡድኖች ፉክክር ወደ ጥላቻ የቀረበ ሆነ። የ1996ቱ የአትላንታ ኦሊምፒክ ግማሽ ፍጻሜ ስፖርቱን በሚወዱ ሰዎች ዘንድ አሁንም ይወራል። ኩባዎቹ በምድብ ጨዋታ በብራዚልና በሩሲያ ተሸንፈው ነበር፤ በግማሽ ፍጻሜው ግን ብራዚልን 3 ለ 2 አሸነፉ። በጨዋታው ሁሉ በመረቡ በኩል ስድብ ሲወራወሩ የቆዩት ተጫዋቾች ጨዋታው እንዳለቀ ተደባደቡ። እኔ ይህን ለማስዋብ አልሞክርም። ተቃራኒን ለማስቆጣት አስቦ መስደብ የስልታቸው አካል እንደነበረ ራሳቸው ተጫዋቾቹ በኋላ ዘመን ተናግረዋል፤ ከታላቅነታቸው ጋር አብሮ የሚጻፍ ጉድለት ነው። በፍጻሜው በላንግ ፒንግ የምትሠለጥነውን ቻይናን 3 ለ 1 አሸንፈው ሁለተኛውን ወርቅ አገኙ። በ1998ም በጃፓን ኦሳካ በዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ቻይናን 3 ለ 0 አሸነፉ።

የሲድኒን ኦሊምፒክ ግን እንዲህ አልፌው መሄድ አልችልም። በ2000ው ቡድን ከተሰለፉት አሥራ ሁለት ተጫዋቾች ውስጥ ሰባቱ በባርሴሎናም በአትላንታም የነበሩ ናቸው፤ ሚሬያ ሉዊስ፣ ሬግላ ቶሬስ፣ ሬግላ ቤል፣ ኢስኪየርዶ፣ ኮስታ፣ ኢዳልሚስ ጋቶ እና አና ኢቢስ ፈርናንዴስ። የሠላሳ ሦስት ዓመቷ ሚሬያ በአብዛኛው የምትቀመጠው ከተጠባባቂዎቹ ጋር ነበር፤ በእሷ ቦታ ዩሚልካ ሩይስን የመሰሉ ወጣቶች ይጫወቱ ነበር። የነጥብ አቆጣጠሩም ተለውጧል። ቀድሞ ነጥብ የሚያገኘው ሰርቭ የያዘው ወገን ብቻ ነበር፤ አሁን ግን እያንዳንዱ ኳስ ለአንዱ ወገን ነጥብ ሆነ፤ ስለዚህም ከኋላ ተነሥቶ መድረስ ከቀድሞው ይበልጥ ከባድ ሆነ። በምድቡ ሩሲያ አሸንፋቸዋለች፤ በግማሽ ፍጻሜው እንደገና ብራዚልን በአምስት ዙር አልፈዋል። ፍጻሜው መስከረም 30 ቀን፣ ደራርቱ ሁለተኛ የኦሊምፒክ ወርቋን በ10,000 ሜትር በወሰደችበት በዚያው ዕለት ነበር። ከመረቡ ማዶ የቆሙት የካርፖል ሩሲያውያን ናቸው፤ ከእነሱም መካከል ቁመቷ 2 ሜትር ከ2 የሆነችው ወጣቷ የካተሪና ጋሞቫ ነበረች።

የመጀመሪያውን ዙር ሩሲያ 27 ለ 25 ወሰደች። ሁለተኛው ዙር 25 ላይ አላበቃም፤ 30ንም አልፎ ሄደ፤ በመጨረሻ ሩሲያ 34 ለ 32 አሸነፈች። ሁለት ዙር እንዲህ ተቀራርቦ ተሸንፎ ከሦስተኛው ጀምሮ መነሣት ለማንኛውም ቡድን መንፈስን የሚሰብር ነገር ነው። ኩባዎቹ ሦስተኛውን 25 ለ 19፣ አራተኛውን 25 ለ 18፣ አምስተኛውን 15 ለ 7 አሸነፉ። እነዚህን ቁጥሮች በተርታ ተመልከቷቸው። ልዩነቱ እየሰፋ የሄደው ድካም በሚበረታበት ሰዓት ነው። ቀደም ሲል በአምስተኛው ዙር እንደ መጀመሪያው መዝለል ያልኩት ነገር በዚያ ምሽት በውጤት ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ታየ፤ ሁለት ጊዜ ኦሊምፒክ ያሸነፉ ሰባት ሴቶች በአንድ ቡድን ውስጥ መኖራቸውም ለወጣቶቹ ምን ማለት እንደሆነ ታየ።

ከዚያ ቀን በኋላ ኩባ በሴቶች መረብ ኳስ የኦሊምፒክ ወርቅ አላገኘችም። በ2001 ገና በጥሩ ዕድሜዋ ላይ የነበረችው አጉዌሮ ቡድኑን ትታ በአውሮፓ ቀረች፤ በ2007 የኢጣሊያን መለያ ለብሳ የአውሮፓ ሻምፒዮናንና የዓለም ዋንጫን አሸነፈች። ሬግላ ቶሬስን የጉልበት ጉዳት ከሜዳ አስወጣት። ሚሬያና አብረዋት የነበሩት ጫማቸውን ሰቀሉ። ይሁን እንጂ የሥራው ግለት ወዲያው አልጠፋም፤ በ2004 አቴንስ ላይ ብራዚልን አሸንፈው የነሐስ ሜዳሊያ ወሰዱ፤ በ2007 በሪዮ ዴ ጃኔሮ በተካሄደው የፓን አሜሪካ ጨዋታዎች ፍጻሜ ብራዚልን በሜዳዋ 3 ለ 2 አሸነፉ፤ በ2008 ቤጂንግ ላይ በምድባቸው የገጠሟቸውን ሁሉ ካሸነፉ በኋላ በአሜሪካ፣ ቀጥሎም በቻይና ተሸንፈው አራተኛ ሆኑ። ያ የመጨረሻው የኦሊምፒክ ተሳትፏቸው ሆኖ እስከ ፓሪስ 2024 ድረስ ዘልቋል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? አንዳንዶች ተጫዋቾቹን በከዳተኝነት ይወቅሳሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። አስቀድሜ በልባችሁ ያዙት ያልኩት የ1962ቱ ክልከላ እዚህ ይመጣል። ከጥቂት ጊዜያዊ ፈቃዶች በቀር ኩባ ተጫዋቾቿ በውጭ ክለብ እየተጫወቱ ለብሔራዊ ቡድን እንዲሰለፉ አትፈቅድም ነበር። የኢጣሊያ፣ የሩሲያና የቱርክ ክለቦች በዓመት የሚከፍሉት ገንዘብ አንዲት ኩባዊት በአገሯ በዕድሜዋ ሙሉ ከምታገኘው በላይ በነበረበት ጊዜ፣ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ቤተሰቧን ከድህነት ማውጣትና ባንዲራዋን መልበስ ከሁለቱ አንዱን እንድትመርጥ ተገደደች። ቤተሰባቸውን የመረጡት ሄዱ፤ የሄዱትም መመለስ አልቻሉም። እያንዳንዷ ስትሄድ ቡድኑ አንዲት ተጫዋች ብቻ አይደለም ያጣው፤ ከሥሯ ላሉት ታዳጊዎች ልታስተላልፍ የነበረውንም አጣ። ሚሬያ ለቶሬስ፣ ቶሬስ ለሩይስ የሆነችላቸውን የሚሆንላቸው ሰው ሳይኖር የአሥራ ስድስትና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች ለብቻቸው በዓለም አደባባይ ይሰለፉ ጀመር። ቶሬስም በአሥራ ሰባት ዓመቷ ተሰልፋለች፤ ነገር ግን በዙሪያዋ የቆሙት ልምድ ያላቸው ሴቶች ነበሩ።

መንግሥት በ2013 ስፖርተኞች በውጭ አገር ውል እንዲፈርሙ መፍቀዱን አስታወቀ። በእኔ እምነት ውሳኔው አሥር ዓመት ያህል ዘግይቶ የመጣ ነው። ኤውሄኒዮ ጆርጅ በዓመቱ፣ በ2014፣ በ81 ዓመታቸው አረፉ።

ሜሊሳ ቫርጋስ በ1999 በኩባዋ ሲየንፉዌጎስ ከተማ ተወለደች። በኩባ የስፖርት ትምህርት ቤቶች አድጋ ገና በልጅነቷ ለብሔራዊ ቡድን ተጫውታለች፤ ኋላ ወደ ቱርክ ሄዳ የፌነርባቼ ክለብ ተጫዋች፣ በ2021ም የቱርክ ዜጋ ሆነች። በ2023 ቱርክ የብሔራዊ ቡድኖች ዓመታዊ ውድድር የሆነውን የኔሽንስ ሊግንና የአውሮፓ ሻምፒዮናን በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታሸንፍ፣ በሁለቱም ውድድሮች ኮከብ ተጫዋች ተብላ የተመረጠችው ይቺው ቫርጋስ ናት። በዚያ ዓመት ስትጫወት ያየናት ሁሉ ልብ ያልነው ነገር ቢኖር፣ ከሜዳው ጠርዝ አንሥታ የምትዘልበት አኳኋንና በአየር ላይ የምትቆይበት ጊዜ ከሃቫና የልምምድ አዳራሽ የወጣ መሆኑን ነው። እንዲህ ያሉ ልጆችን ፈልጎ የሚያገኘውና የሚያሳድገው የትምህርት ቤት ሥርዓት በኩባ አሁንም አለ፤ በሲየንፉዌጎስ፣ በካማጉዌይና በሳንቲያጎ ታዳጊዎች አሁንም ይሠለጥናሉ። ከእነዚህ ልጆች መካከል ሃያ ዓመት ሲሞላቸው ኢስታንቡል ወይም ሚላኖ እየኖሩ በክረምት ለኩባ ሊሰለፉ የሚችሉት ስንቶቹ እንደሚሆኑ የሚወስነው ደግሞ በክለቦቹ፣ በፌዴሬሽኑና በተጫዋቾቹ መካከል በየዓመቱ የሚደረገው ድርድር ነው።

አመሰግናለሁ።